ክብደቱ የትም አይጠፋም፦ ስለ ዌይት ሂች ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ፣ ሦስቱም "አንተ ትሬለር ትጎትት የለ፣ እስቲ እየው" ብለው ነው የላኩልኝ። የጻፈው ወንድማችን እንደኔው እዚህ አሜሪካ ፒክአፕ ኋላ ዝግ ካርጎ ትሬለር እያሰረ የሚሰራ ሰው ነው፣ ስለ ዌይት ዲስትሪቢዩሽን ሂች፣ ማለትም ትሬለሩ የመኪናው ኋላ ላይ የሚጥለውን ክብደት ወደ ሌሎቹ አክስሎች የሚያካፍል ማያያዣ፣ ሰባት ነጥብ ዘርዝሯል፣ እኔ ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዌይት ሂች ነው ምለው። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የጻፈ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። መሀል ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ከሰባቱ ሁለቱ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ መኪናና ትሬለር ይሰብራሉ፣ ልክ የጻፈውም አለ እሱንም አልክድም፣ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ዝም ማለት ያልቻልኩት ለምን መሰላችሁ፣ ድሮ እኛ ጋ ትሬለር የሚጎትት ሐበሻ ማለት የአስራ ስምንት ጎማ ሹፌር ነበር፣ እሱ ደግሞ ሲዲኤል የሚባለውን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ተምሮ ተፈትኖ ነው መሪ የሚይዘው። አሁን ግን ሙቪንግ የሚሰራው፣ ለሰርግ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው፣ ኬተሪንግ ያለው፣ በየዓመቱ ጁላይ ላይ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ወደሚደረግበት ከተማ ልብስና ቡና ጭኖ የሚሄደው፣ ሁሉም ሰባት በአስራ ስድስት ጫማ የሆነ ትሬለር ገዝቶ በተራ መንጃ ፈቃድ ይጎትታል። ማንም አላስተማረውም። በቋንቋው አንድ ጽሑፍ ሲያገኝ አምኖ ነው ሚሄደው፣ ቤተሰቡንም ይዞ ነው ሚሄደው።

እሺ ወደ ነገሩ። ወንድማችን መጀመሪያ ላይ "ይሄ ሂች ካምፐር ለሚጎትቱ ጡረተኞች የተሰራ ነው፣ እኛ ካርጎ ትሬለር ላይ የመኪናው ኋላ ከወረደብን አየር ባግ አስገብተን መሄድ ነው" ይላል። ካምፐር የሚባለው አልጋና ኩሽና ያለው ተጎታች ቤት ነው፣ አየር ባግ ደግሞ የኋላ ስፕሪንጉን የሚያግዝ በአየር የሚነፋ ከረጢት ነው። የመኪናው ኋላ መውረድ ምልክት ነው እንጂ በሽታው እሱ አይደለም። በሽታው ያለው ፊት ጎማው ላይ ነው። ድንጋይ በዲጂኖ ሲፈነቀል አይታችሁ የለ፣ ዲጂኖው ስር ትንሽ ድንጋይ ትደግፍና ጫፉን ወደ ታች ስትጫነው ሌላው ጫፍ ይነሳል። ፒክአፓችሁም እንደዛ ነው፣ የኋላ አክስሉ ደጋፊዋ ድንጋይ ነው፣ ትሬለሩ የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ ቦሉ፣ ደግሞ ከአክስሉ ኋላ ወጥቶ ስለተቀመጠ ትሬለሩ እዛ ላይ ሲጫን የመኪናው ፊት ይነሳል።

በቁጥር ላሳያችሁ፣ ሂሳቡ እንዲቀል ትንሽ አጠጋግቼዋለሁ። በፊትና በኋላ አክስል መሀል 144 ኢንች፣ ከኋላ አክስል እስከ ቦሉ 54 ኢንች፣ የትሬለሩ አፍንጫ ቦሉ ላይ የሚጥለው ክብደት ማለትም ታንግ ዌይቱ 800 ፓውንድ ይሁን። 800 በ54 አባዙት፣ ለ144 አካፍሉት፣ 300 ይመጣል። ይሄ 300 ፓውንድ ከፊት ጎማዎቻችሁ ላይ የተነሳ ክብደት ነው። የኋላ አክስሉ ላይ ያረፈው ደግሞ 800 ብቻ አይደለም፣ ከፊት የተነሳው 300ም እሱ ላይ መጥቶ 1,100 ሆኗል። እንግዲህ መሪ ስታዞሩ የሚዞረው ፊት ጎማ ነው፣ ፍሬን ስትይዙ ትልቁን ስራ የሚሰራው ፊት ጎማ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ፊቱ ስለተነሳ መብራታችሁ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። አየር ባግ ኋላውን ያነሳዋል፣ ከጎን ሲያዩት ቀጥ ብሎ ያምራል፣ ግን ስኬል፣ የመኪና ሚዛን ማለት ነው፣ እሱ ላይ ብትወጡ ያ 300 ፓውንድ ፊት ጎማ ላይ አልተመለሰም፣ ያው እንደሄደ ነው። እንደውም ስለሚያምር ሰውየው ተስተካክሏል ብሎ ይነዳል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ዌይት ሂች ሚሰራው ሌላ ስራ ነው። ከሂቹ ራስ ወደ ኋላ የሚወጡ ሁለት ስፕሪንግ ባር አሉ፣ እንደ ባሌስትራ ታጥፈው የሚመለሱ ብረቶች ናቸው፣ ጫፋቸው ከሳጥኑ ፊት ወደ ቦሉ ወደሚወጣው የትሬለሩ ምላስ ብረት በሰንሰለት ተስቦ ይታሰራል። ባሮቹ ወደ ላይ ሲሳቡ የሂቹን ራስ ይጠመዝዙታል፣ ያ ጥምዘዛ የመኪናውን ፊት ወደ ታች ይጫነዋል። በዛው ምሳሌ ከቦሉ እስከ ትሬለሩ አክስሎች መሀል 162 ኢንች ነው ብንልና የፊቱን ግማሽ ብንመልስ፣ ፊት ጎማው ላይ የጎደለው 300 መሆኑ ቀርቶ 150 ይሆናል፣ የኋላ አክስሉ ላይ የተጨመረው ከ1,100 ወደ 850 ይወርዳል፣ 100 ፓውንድ ደግሞ ወደ ትሬለሩ አክስሎች ይሄዳል። 850 እና 100 ደምራችሁ 150 ቀንሱ፣ ያው 800 ነው። ክብደቱ የትም አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ይሄን የገባው ሰው ቀጥሎ የምለው ሁሉ ይገባዋል። ካምፐር ሆነ ካርጎ ብረቱ አያውቅም፣ እንደውም ካርጎ ትሬለር ይብሳል፣ ካምፐር ውስጡ ያለው አልጋና ኩሽና ፋብሪካ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፣ የኛ ጭነት ግን በየሳምንቱ ይለያያል።

ሁለተኛው ነጥቡ "ይሄን ሂች ካስገባችሁ መኪናችሁ ከተጻፈለት በላይ መጎተት ይችላል" የሚለው ነው። ከየት እንዳመጣው ይገባኛል፣ ሰውዬው ውሸት አልፈጠረም፣ ያነበበውን ነው የተሳሳተው። መኪናው ስር ጎንበስ ብላችሁ ሂቹ የሚሰካበት ካሬ ቱቦ፣ ሪሲቨሩ፣ ላይ የተለጠፈውን ካያችሁ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፣ አንዱ ካለ ዌይት ሂች አንዱ ከዌይት ሂች ጋር። የኔው ላይ ካለሱ ትሬለሩ 5,000፣ ታንግ ዌይቱ 500 ፓውንድ ነው፣ ከሱ ጋር ግን ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ጨመረ አለ። የጨመረው ግን የሪሲቨሩ ብቻ ነው፣ የዛ ካሬ ቱቦ ማለት ነው። የመኪናው አጠቃላይ ክብደት፣ የአክስሎቹ፣ የጎማው፣ የመኪናና የትሬለር ድምር ወሰን፣ አንዱም አልተነካም። እና ይሄን ደግሞ ከሌላው ጎን እዩት፣ እንደኔ አይነት መኪና ያለው ሰው 6,500 ፓውንድ ትሬለር ካለ ዌይት ሂች ሲጎትት ጎማው ባይፈነዳም ምኑም ባይሰበርም ከመኪናው መጽሐፍ ውጪ ነው እየሄደ ያለው፣ አደጋ ቢደርስ ጠበቃው መጀመሪያ ሚያነሳው ያንን ስቲከር ነው።

የሾፌሩን በር ክፈቱና ቢጫዋን ወረቀት እዩ፣ ሰውና እቃ ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም ትላለች። 1,550 ፓውንድ ናት እንበል። 800 ታንግ ዌይት፣ ሂቹ ራሱ ብረት ነው 90 ፓውንድ አካባቢ፣ ሦስት ሰው በ180 ሂሳብ 540፣ ድምሩ 1,430። የቀራችሁ 120 ፓውንድ ነው። ፒክአፑ ሳጥን ላይ አንድ ጀነሬተርና የመሳሪያ ሳጥን ከጣላችሁ አልቋል። አስር ሺህ ይጎትታል ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ይሄን ሂሳብ አላሳያችሁም።

ሦስተኛው ላይ ነው የደነገጥኩት። "ዋናው ጥበብ ጭነቱ ላይ ነው፣ ከባድ ከባዱን ኋላ በሩ ጋ ካደረጋችሁት አፍንጫው ይቀላል፣ መኪናው አይወርድም፣ ሂችም ሰንሰለትም አያስፈልግም" ይላል። ወንድሜ ይሄ እኮ ያስገድላል።

አገር ቤት የፈረስ ጋሪ የተሳፈረ ሰው ያውቃል፣ ከኋላ ብዙ ሰው ሲቀመጥ የጋሪው እንጨት ወደ ላይ ይነሳና ፈረሱን ከሆዱ ስር ጠፍሩ ያንጠለጥለዋል፣ ባለጋሪው ወዲያው ዞሮ "እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ" ይላል። ማንም ፊዚክስ አላስተማረውም፣ ፈረሱ መሬት መርገጥ ካልቻለ ጋሪውን መያዝ እንደማይችል ያውቃል። ትሬለር ላይም ይሄው ነው፣ ግን በሰዓት 65 ማይል። ታንግ ዌይት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው፣ አፍንጫው ሲቀል ጭራው ይከብዳል፣ ጭራው ከከበደ አንድ የነፋስ ግፊት ወይ አንድ ትልቅ መኪና በጎን ሲያልፍ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ኪራይ ትሬለር የሚያከራየው ዩሆል እንኳን ከጭነቱ 60 ከመቶው ከፊት ግማሽ ይሁን ነው ሚለው።

እኔ ላይ ደርሶብኛል። ከቨርጂኒያ ወደ ሻርሎት ለሰርግ እቃ ይዘን ነበር፣ ኢንተርስቴት 81 ወርደን 77ን ይዘን ፋንሲ ጋፕ የሚባለው ተራራ ላይ ቁልቁል ጀመርን፣ ያ ቦታ በነፋስና በጉም የታወቀ ነው። ሁለት ፍሪዘርና ጀነሬተሩ መጨረሻ ላይ ስለተጫኑ በሩ ጋ ነበሩ፣ መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይውረድ ብለን ነው፣ የሁላችንም ልማድ ነው ይሄ። ነፋሱ ከጎን መጣ፣ ትሬለሩ አንዴ ወደ ግራ ሄደ፣ ከዛ ወደ ቀኝ፣ በመስታወት ሳየው የራሴን ትሬለር ጎኑን ሙሉ በሙሉ አየሁት። እግሬ ፍሬን ረገጠ፣ ባሰበት። ጎኔ የነበረው ልጅ "ኧረ በማርያም" ሲል ይሰማኛል። ያን ቀን ያተረፈኝ አንድ የትራክ ሾፌር ጓደኛዬ የነገረኝ ነገር ነው፣ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ የመኪናውን ፍሬን ተው፣ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ በእጅህ ከመቆጣጠሪያው ጭመቅ። ጨመቅኩት፣ ትሬለሩ ወደ ኋላ ተጎትቶ ቀጥ አለ። ዳር ይዘን ቆምን፣ ሁላችንም ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ከዛ እዛው መንገድ ዳር ፍሪዘሮቹን ባዶ አድርገን ወደ ፊት አዞርናቸው።

ቤት ስገባ ያንኑ ጭነት እንደነበረ መልሼ ጭኜ ለካሁት። ትሬለሩ 6,000 ፓውንድ አካባቢ ነበር፣ ታንግ ዌይቱ 310። አምስት ከመቶ ማለት ነው። ፍሪዘሮቹን ከአክስሉ ፊት ሳደርጋቸው 740 ሆነ፣ ያው እቃ ያው ትሬለር። አለካኩም ውድ ነገር አይደለም፣ መታጠቢያ ቤት ያለችውን የሰው ሚዛን አምጡ፣ አንድ ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ ሌላውን ጫፍ ሚዛኗ ላይ አድርጉ፣ በመሀላቸው ሦስት ጫማ ይሁን፣ የትሬለሩን አፍንጫ ከጡቡ አንድ ጫማ ላይ አሳርፉት፣ ሚዛኗ ያነበበችውን በሦስት አባዙት። ጎማውን በድንጋይ መደገፍ እንዳትረሱ። እና ዌይት ሂች የታንግ ዌይት ማነስን አያድንም፣ ኋላ የተጫነ ትሬለር ላይ የዓለምን ውድ ሂች ብትገጥሙ ኋላ የተጫነ ትሬለር ነው።

አራተኛው ላይ "ሰንሰለቱን መኪናው ባዶ እያለ ወደነበረበት እስኪመለስ ድረስ አጥብቁት፣ በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ነው" ይላል። ይሄን ስህተት እኔም ሰርቼዋለሁ፣ መጀመሪያ የገጠመልኝ ሱቅም እንደዛ ነው ያደረገው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ የኋላ አክስሉ ላይ ያለው ክብደት ይቀልና እርጥብ መንገድ ላይ በኩርባ የመኪናው ኋላ ይንሸራተታል፣ ፊቱ ይጠመዘዛል ኋላው ያመልጣል። ፎርድ ለፒክአፖቹ ሚለው ከፊት የተነሳውን ግማሹን መልሱ ነው፣ ሌሎች ፋብሪካዎች የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ የመኪናችሁን መጽሐፍ ክፈቱ፣ በግምት አይሆንም። አለካኩ ሜትር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሜዳ ቦታ ላይ ትሬለሩ ሳይታሰር ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ፣ 38 ኢንች ሆነ እንበል። ትሬለሩን ጭናችሁ ባሮቹን ሳታጠብቁ እሰሩና ድገሙት፣ 39 ተኩል መጣ። አንድ ተኩል ተነስቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ባሮቹ ሲታሰሩ 38 ከሦስት ሩብ ላይ እንዲያርፍ ነው የምትፈልጉት። ካልደረሰ ወይ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ታሳጥራላችሁ ወይ የሂቹን ራስ በሮንዴላ ትንሽ ወደ ኋላ ታዘነብሉታላችሁ። ቀለበት እያሳጠራችሁ ግን ማብቂያ አለው፣ የተወጠረው ሰንሰለት ላይ ቢያንስ አምስት ቀለበት ካልቀረ ስትታጠፉ ሰንሰለቱ አጥሮ ይይዛል፣ እዛ ከደረሳችሁ ራሱን ነው የምታዘነብሉት። እና ይሄ ሁሉ የሚለካው ትሬለሩ እንደ ስራ ቀን ተጭኖ ነው፣ ባዶ ትሬለር ላይ ተስተካክሎ የተሰጣችሁ ሂች አልተስተካከለም።

"ባር ስትገዙ ትልቁን ግዙ፣ 1,400ውን፣ አንዴ ገዝታችሁ ትገላገላላችሁ" የሚለው አምስተኛው ነው፣ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ባዶ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ኮረኮንች የሄደ ሰው ለምን ትልቅ ባር እንደማይሆን ያውቃል፣ ባሌስትራው ለጭነት ስለተሰራ ባዶውን አይታጠፍም፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገባችሁ ጋ ይደርሳል። 500 ፓውንድ ታንግ ዌይት ላይ 1,400 ባር ማሰር እንደዛ ነው፣ ባሩ አይታጠፍም፣ ንዝረቱ በሙሉ ወደ ትሬለሩ ምላስና ወደ መኪናው ሻንሲ ይሄዳል። የካርጎ ትሬለር ምላስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወፍራም ብረት አይደለም። ታንግ ዌይታችሁን ለኩ፣ ፒክአፑ ሳጥን ውስጥ ከኋላ አክስሉ በኋላ የምትጭኑትን ጨምሩበት፣ ከዛ በላይ ያለውን የቅርቡን ቁጥር ግዙ። 800 እና 100 ካላችሁ 1,000 ነው።

አሁን ደግሞ ስድስተኛው፣ ስለ ብራኬቱ። "ሰንሰለቱን የሚይዘውን ብራኬት ምላሱ ላይ በተመቻችሁ ቦታ እሰሩት፣ የሳጥኑ አፍንጫ ከከለከላችሁ ብሱት ወይ በይዱት" ይላል። ካምፐር የሚገጥሙ ሰዎች ይሄ ችግር ብዙም አይገጥማቸውም፣ ምላሳቸው ረጅም ነው። የኛ ዝግ ካርጎ ትሬለር ግን ብዙዎቹ አፍንጫቸው እንደ ቪ ሾሎ ወደ ፊት ስለሚወጣ ከሳጥኑ ውጪ የሚታየው ብረት አጭር ነው። ብራኬቱ ደግሞ የትም ቦታ አይሆንም፣ ሰንሰለቱ ከባሩ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ ቦታው በባሩ ርዝመት ነው ሚወሰነው፣ በብዙዎቹ ላይ ከቦሉ መሀል 30 ኢንች አካባቢ ወደ ኋላ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ከሂቹ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ። ሂቹን ከማዘዛችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ፣ ቦሉ ላይ ከሚቆለፈው ከከፕለሩ መሀል ጀምራችሁ ያን ቦታ ፈልጉ፣ እዛ ቦታ ላይ ምን አለ፣ የሳጥኑ አፍንጫ ነው፣ የክሪኩ እግር ነው፣ ትሬለሩ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የምትይዘው የብሬክአዌይ ባትሪ ሳጥን ናት፣ የመብራትና የፍሬን ሽቦ በምላሱ ቱቦ ጎን ተለጥፎ ነው ሚሄደው፣ ይሄን ሁሉ እዩ። ባትሪዋን ማዛወር ቀላል ነው፣ ሽቦን በብራኬት ጨፍልቆ ማሰር ግን አንድ ቀን ፍሬን አልባ ያደርጋችኋል። የሳጥኑ አፍንጫ ራሱ ከሆነ የከለከላችሁ፣ ሰንሰለት የሌለው ባሩ በብራኬት ላይ የሚያርፍ አይነት አለ፣ አጭር ምላስ ላይ የሚመቹ አሉ፣ ቁመቱን ለክታችሁ ሻጩን ጠይቁት።

መብሳትና መበየድ የሚለውን ግን እርሱት። ያ የምላሱ ቱቦ ስስ ነው፣ ትሬለሩን በሙሉ የሚሸከመውም እሱ ነው፣ ከታች በኩል የበሳችሁበት ቦታ ላይ ነው አንድ ቀን የሚሰነጠቀው። ብራኬቱ ብረቱን በራሱ ቡሎን ነክሶ እንዲይዝ ነው የተሰራው። ከዚያም በፊት ለትሬለሩ ፋብሪካ ደውላችሁ "በዚህ ሞዴል ላይ ዌይት ሂች ትፈቅዳላችሁ ወይ" በሉ፣ የማይፈቅዱ አሉ፣ የአምስት ደቂቃ ስልክ ነው። ቦሉንም በእጅ መፍቻ አጥብቃችሁ አትሂዱ፣ አንድ ከሩብ ኢንች እግር ያለው ቦል ዳዶው 450 ጫማ ፓውንድ ነው የሚፈልገው፣ ያን የሚያክል ቶርክ መፍቻ ቤት ያለው ሰው የለም፣ የትራክ ጎማ የሚሰራ ቦታ ውሰዱት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

መጨረሻው "ይሄን ሂች ከሲወይ ባሩ ጋር የገጠመ ሰው መወዛወዝ የሚባል ነገር አያውቅም፣ 75 ቢነዳ ችግር የለውም" ይላል። ይሄ ሁለተኛው ገዳይ ነው። ሲወይ ባር የምንላት በሰበቃ ነው የምትይዘው፣ ሁለት ብረት በመሀሉ እንደ ፍሬን ሸራ ያለ ነገር ተጣብቆ፣ ዝናብ ሲነካት ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ወደ ኋላ ስትነዱ ደግሞ ካላወለቃችኋት ትጎብጣለች። መወዛወዙን ታለዝባለች፣ ምክንያቱን አታጠፋም። ምክንያቱ ጭነትና ፍጥነት ነው። በዛ ላይ ትሬለር ላይ ያለው ኤስቲ የሚል ጎማ ሌላ ካልተጻፈበት ለ65 ማይል ተብሎ የተሰራ ነው፣ ጎኑን አንብቡት፣ ኤል የሚል ፊደል ካለው 75 ነው። ዝግ ትሬለር ደግሞ ግድግዳ ነው የምትጎትቱት፣ ነፋሱ ጎኑን የሚያገኘው በሙሉ ሰፊነቱ ነው። እኔ 62 ላይ ነው ምነዳው፣ ሻርሎት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይጨምርብኛል፣ ይጨምር።

ልክ የጻፈውን ልንገራችሁ ብዬ ነበር። ትሬለሩ ደልዳላ ሆኖ መሄድ አለበት ያለው ትክክል ነው፣ በደንብም ነው ያስረዳው፣ በተለይ ሁለት አክስል ያለው በባሌስትራ ሳይሆን በቶርሽን፣ አክስሉ ውስጥ ባለ በሚጠመዘዝ ላስቲክ፣ የሚሄድ ከሆነ አፍንጫው ከተነሳ ክብደቱ በሙሉ ኋላ አክስል ላይ ይከመራል፣ አንዱ ጎማ ሲሞቅ አንዱ ይስቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የቦሉን ቁመት ታስተካክላላችሁ፣ መኪናው ትንሽ ስለሚወርድ ቦሉን ከከፕለሩ አንድ ኢንች ያህል ከፍ አድርጋችሁ ትጀምራላችሁ፣ ዌይት ሂቹ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንድ አክስል ያለው ስድስት በአስር ትሬለር ላይ ቀላል እቃ ለሚጎትት ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም ያለውም ልክ ነው፣ 250 ፓውንድ ታንግ ዌይት ትልቅ ፒክአፕን ምንም አያደርገውም።

የረሳውን አንድ ነገር ልጨምር፣ ስኬል። የትራክ ሾፌር ዘመድ የሌለው ሐበሻ የለም፣ ጠይቁት፣ ካት ስኬል የሚባለው የትራክ ሚዛን የት እንዳለ ያሳያችኋል፣ ትልልቆቹ ትራክ ስቶፖች ሁሉ ጋ አለ። ፊት አክስላችሁን አንዱ ሰሌዳ ላይ፣ የኋላውን ሁለተኛው ላይ፣ ትሬለሩን ሦስተኛው ላይ አቁሙ። አንዴ ባሮቹ ታስረው፣ አንዴ ባሮቹ ተፈተው፣ አንዴ ትሬለሩን ፈትታችሁ መኪናውን ብቻ። የመጀመሪያው 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ በዛው ቀን ሲደገም ጥቂት ዶላር ነው። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ከፊት ስንት እንደተነሳ፣ ስንት እንደተመለሰ፣ ከአክስሉ ወሰን አለፋችሁ ወይ አላለፋችሁም፣ ሁሉም ቁጭ ይላል፣ እኔንም ወንድማችንንም ማመን አያስፈልጋችሁም።

ባሮቹን ስታስሩም ስትፈቱም በጉልበት አትታገሉ። ከፕለሩ ቦሉ ላይ ተቆልፎ እያለ በክሪኩ የትሬለሩን አፍንጫና የመኪናውን ኋላ አብራችሁ ጥቂት ኢንች አንሷቸው፣ ያኔ ሰንሰለቱ ይላላና በእጅ ይገባል። ሳታነሱ ብራኬቱን በቱቦ ለመገልበጥ የሞከረ ሰው ቱቦው ተመልሶ አገጩን ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጥርሱን ነው ያወለቀው። ከገጠማችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 50 ማይል ሂዱና ቁሙ፣ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

ወንድሜ፣ የጻፍከው ሰው ለመርዳት ብለህ እንደሆነ አልጠራጠርም፣ ሌሎቹን ነጥቦች ቀስ ብለህ ታስተካክላቸዋለህ። ሦስተኛውን ግን፣ ከባዱን በሩ ጋ ጫኑ ያልከውን፣ እባክህ ዛሬ አጥፋው። ጁላይ እየደረሰ ነው፣ ልጆቹ ትሬለራቸውን መጫን ጀምረዋል።